የጁንቤሪ ታሪክና ሠላሳ ስምንት ዓሣ

ሬይኖ ካንጋስ ከጋራዡ ደጃፍ ተቀምጦ የሣር ማጨጃውን ስለት ሲሞርድ ዩኒፎርም የለበሰች ወጣት ሴት በእግሯ መጣች። ኮማንደር ዊትላክ ትባላለች፤ የጠረፍ ጥበቃ መርከቧ የጁንቤሪ አዛዥ ነች። ፖርት ኮርቢን ከገባች ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ቢሆንም ከተማው ከቀደሙት አዛዦች ሁሉ ይልቅ እሷን በዓይኑ ይከተላት ነበር፤ ያቺን አሮጌ መርከብ ለመጨረሻ ጊዜ አስራ የምትወርደው እሷ ናትና።

«አቶ ካንጋስ፣ ላስቸግርዎት ነው የመጣሁት» አለች።

«ገብተሽ ተቀመጪ። ቆሞ የሚያስቸግር ሰው አልወድም።»

ወጥ ቤት ውስጥ ሚስቱ ኤልማ ሥጋና ድንች በሊጥ እየጠቀለለች ነበር። ኮማንደሯ የጠረጴዛውን ጥግ በእጇ ጠረግ አድርጋ አራት ገጽ ወረቀት ዘረጋች።

«የመርከቧ የአገልግሎት ታሪክ ነው። በሰኔ፣ ከአገልግሎት በምትሰናበትበት ቀን ይነበባል። ከድሮዎቹ የጁንቤሪ ሰዎች እዚህ ከተማ የቀሩት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ እንዲያነቡልን ፈለግን። ስህተት ካለበትም ያርሙልን።»

«እሱ ነው የሚያርም?» አለች ኤልማ ዞር ሳትል። «ቅቤ አምጣ ብዬ ልኬው ሚስማር ገዝቶ የሚመጣ ሰው።»

ሬይኖ ስቆ መነጽሩን አደረገ። ታሪኩ የመንግሥት ጽሑፍ እንደሚሆነው ሆኖ ተጽፏል፤ ደረቅና የተከበረ። መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1944 ተሠርታ ወደ ሱፒሪየር ሐይቅ ወረደች። ይህን ያህል የመርከብ መንገድ ምልክት ውሃው ላይ ተከለች፣ ይህን ያህል ማይል በረዶ ሰበረች፣ ከደሴት ይህን ያህል በሽተኛ አመጣች። ምጥ የያዛት ሴት ምግብ ማብሰያው ክፍል ውስጥ መውለዷ ተጽፏል፤ አብሳዩ ያን ቀን ሾርባውን ማሳረሩና ሰው ሁሉ ከሕፃኑ ይልቅ ስለ ሾርባው ሲያወራ መሰንበቱ ግን አልተጻፈም። ሬይኖ ይህን ለኮማንደሯ እየነገራት ሁለት ገጽ አለፈ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሳቁ ቆመ።

«ኅዳር 1968» ይላል ጽሑፉ። «ሮዛሊ የተባለች የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ምልክቱን በተሳሳተ ጎን አልፋ ሲሞን ድንጋይ የተባለው አለት ላይ ወጣች። የጁንቤሪ ሰዎች በማዕበል ውስጥ ገብተው ሁለት ነፍስ አዳኑ። የጀልባዋ ካፒቴን አርማንድ ላቱሊፕ ሞተ። መርከበኛ ሬይኖ ካንጋስ ስላሳየው ጀግንነት ሜዳሊያ ተሸለመ።»

«ወይዘሮ ላቱሊፕን ጠርተናቸዋል» አለች ኮማንደሯ። «የፊት ወንበር ይዘንላቸዋል። የሚያነቡትም እርስዎ ስለሆኑ ደስ የሚላቸው መሰለኝ።»

«ደስ ይላታል» አለች ኤልማ። «ቨርና ለሱ ያላት ፍቅር ሌላ ነው።»

ሬይኖ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ጥሩ ተጽፏል፣ አየዋለሁ አለ። ኮማንደሯ ከሄደች በኋላ ስለቱን መሞረዱን ቀጠለ፤ የማያስፈልገውን ያህል ሞረደው፣ ሣር ሳይሆን ጢም የሚላጭበት እስኪመስል።

የዚህን ሰው ሕይወት ተናገር ብባል ብዙ የምለው የለኝም። የመዳብ ቆፋሪ ልጅ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለጠረፍ ጥበቃ አገልግሎት ፈርሞ ጁንቤሪ ላይ ወጣ፣ አሥር ዓመት ሠርቶ ወረደ፣ ከዚያ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ነዳ። አንዲት ሚስት፣ ሁለት ያገቡ ሴቶች ልጆች፣ ከጓሮው በገዛ እጁ የሠራት የሳውና ቤት አለችው። ሰው ሁሉ ይወደዋል። እሱ ግን ሲመሰገን አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው፤ ትሑት ነው ይሉታል። ትሕትና አይደለም። ምን እንደሆነ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ አንደኛው ሞቷል።

የጁንቤሪ ሥራ በየዓመቱ ያው ነው። በኅዳር፣ ሐይቁ በረዶ ሳይሆን፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን ትልልቅ ባለመብራት ምልክቶች እያነሣች በምትካቸው ቀጫጭን ምልክት ትተክላለች። በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ መልሳ ትቀይራለች። ምልክቱን ከቦታው የሚይዘው በሰንሰለት የታሰረ ትልቅ የሲሚንቶ ክብደት ነው። ዛሬ ቦታውን ሳተላይት ይናገራል። ያኔ ግን ሁለት ሰዎች ከመርከቧ ጠርዝ ጎን ለጎን ቆመው፣ በእጅ በሚያዝ የማዕዘን መለኪያ ወደ የብስ ያያሉ። አንደኛው በመብራት ቤቱና በቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት መካከል ያለውን ማዕዘን ይይዛል፤ ሌላው በጉልላቱና በከተማው የውሃ ታንከር መካከል ያለውን። አለቃው የሚፈለጉትን ቁጥሮች ይዞ ከኋላቸው ይቆማል። ሁለቱም «ደርሷል» ሲሉ አለቃው «ጣል» ይላል፣ ክብደቱ ይወርዳል።

በዚያ ኅዳር የሲሞን ድንጋይ ምልክት ሲተከል የግራው ማዕዘን የሬይኖ ነበር። የሚፈለገው አርባ ሰባት ዲግሪ ከሃምሳ ሁለት ደቂቃ ነው። መለኪያው ላይ ዲግሪው አንድ ቦታ፣ የዲግሪ ስልሳኛ የሆነው ደቂቃ ሌላ ቦታ ይነበባል፤ ደቂቃው ወደ ስልሳ ሲጠጋ ደግሞ የዲግሪዋ መስመር ቀጣዩን ቁጥር ልትነካ ምንም አይቀራትም። የቸኮለ ዓይን አንድ ይጨምርባታል። ይህን ስህተት የማያውቅ መርከበኛ የለም፤ አዲስ ሰው የሚሳቅበት በሱ ነው። ሬይኖ አዲስ አልነበረም፣ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ግን የዓመቱ የመጨረሻ ምልክት ነበረች፣ ጣቶቹ ደንዝዘዋል፣ ሰዉ ሁሉ ልቡ ቤቱ ገብቷል። «ደርሷል» አለ። አለቃው ሆሊስ «ጣል» አለ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ከቀትር በኋላ፣ ከሰሜን ምዕራብ ማዕበልና በረዶ አንድ ላይ መጣ። አርማንድ ላቱሊፕ መረቡን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያቺን ምልክት ፈልጎ አገኛት፣ አባቱና አያቱ እንዳደረጉት በስተግራው ትቷት አለፈ፣ ሮዛሊም ድንጋዩ ላይ ወጣች። ጁንቤሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰች። ሬይኖ በትንሿ ጀልባ ወርዶ ሁለቱን ሠራተኞች አንድ በአንድ ጎትቶ አወጣ። አርማንድ ሠራተኞቹን አስቀድሙ ብሎ የሮዛሊን መሪ እንደያዘ ቀረ። ሬይኖ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ያገኘው ሬሳውን ነው። እሱንም ተሸክሞ አመጣው።

መርማሪዎች መጡ። ምልክቱ በመርከቧ መዝገብ ላይ በትክክል ተተክሏል ተብሎ ተጽፏል፤ የተረፉት ሁለቱ በትክክለኛው ጎን ነው ያለፍነው ቢሉም በዚያ በረዶ ውስጥ ምን አይታችሁ ተባሉ። ካፒቴኑ መንገድ ስቷል ተብሎ ተዘጋ። ሬይኖ ሜዳሊያውን በደስታ ነው የተቀበለው። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ያን ጊዜ ምንም አያውቅም ነበር፣ ሌሊት እንኳ ደህና አድርጎ ይተኛ ነበር።

ያወቀው በሚያዝያ ነው። ምልክቷን ሊያነሡ ሄዱ። እንደ ደንቡ ከማንሣታቸው በፊት ማዕዘን ተለካ። የቀኙ ልክ በነበረበት ነው። የግራውን ሬይኖ አየ፤ አርባ ስድስት ዲግሪ ከሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ዓይኑን ጠርጎ ደገመው። ደቂቃዎቹ ሳይነቃነቁ ዲግሪዋ ብቻ አንድ ጎድላለች። በረዶ ምልክት ይጎትታል፣ በየዓመቱ ያደርገዋል፤ ግን በረዶ ሒሳብ ጠብቆ፣ ከአንዲት ዲግሪ ሳያልፍና ሳያንስ አይጎትትም። ሬይኖ ቁጥሩን ሲናገር አለቃ ሆሊስ ወረቀቱን ደጋግሞ አየ።

«በረዶ ነው ያንቀሳቀሰው» አለ በመጨረሻ።

«አለቃ፣ ይሄ እኮ...»

«በረዶ ነው አልኩህ። የሞተው አይነሣም። አንተ ሚስት አለህ፣ አሁን ልጅ ልትወልድ ነው። በረዶ ነው።»

መዝገቡ ላይ እንደዚያው ጻፈው። ሆሊስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያን ዕለት ግን ለሬይኖ ያደረገለትን ነገር ጠላት እንኳ አያደርግም።

በዚያው ዓመት ኅዳር፣ አርማንድ በሞተ በዓመቱ፣ ቨርና ላቱሊፕ የሬይኖን በር አንኳኳች። በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ በሜፕል እንጨት ጭስ የደረቀ ትልቅ ዓሣ ይዛለች። «ሬሳውን ያመጣህልኝ አንተ ነህ» አለችው። «ሐይቁ ያልመለሰላቸው ስንት ሴቶች አሉ። እኔ የማለቅስበት መቃብር አለኝ።» ሬይኖ እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። ያን ጊዜ ቢናገር ኖሮ አንድ ዓሣ ብቻ ነበር የሚሆነው። በሚቀጥለው ኅዳር መጣች። በሚቀጥለውም። ሆዴ ጭስ አይቀበልም ብሎ ኤልማን ዋሻት፣ ኤልማና ልጆቹ በሉት። ሠላሳ ስምንት ኅዳር እንዲህ አለፈ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እንደ ልማዳቸው ሳውና ገቡ። ኤልማ ድንጋዩ ላይ ውሃ ስትረጭ እንፋሎቱ ተነሣ። ሬይኖ ከላይኛው መቀመጫ ላይ ጉልበቱን አቅፎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሁሉንም ነገራት። ለመናገር የፈጀበት ጊዜ አንድ ባልዲ ውሃ የሚያልቅበትን ያህል አይሆንም።

ኤልማ ማንኪያውን ባልዲው ውስጥ ተወችው።

«የእህትህ ልጅ ሠርግ ላይ ያንን ሁሉ የተጨሰ ዓሣ ስትበላ አይቼህ ነበር» አለች። «ከቨርና ጋር የሆነ ነገር አለው ብዬ ጠርጥሬ ነበር። አንድ ሁለት ዓመት ቀናሁ። ሞኝ።»

«ኤልማ።»

«ተው፣ አትጥራኝ። ዓሣውን እኮ እኔ ነኝ የበላሁት። እኔና ልጆቼ። አጥንቱን እየላስን ቨርና ስታውቅበት እንል ነበር።» ፊቷን በፎጣ ጠረገች። ላብ ይሁን እንባ አልለየውም። «ሰዉ ፊት ከማንበብህ በፊት ለሷ ንገራት። አደባባይ ላይ እንዳትሰማው። ይሄን እንኳን አድርግ።»

ሰኞ ጠዋት ሬይኖ ወደ ቨርና ሱቅ ሄደ። ወደቡ አጠገብ ያለች፣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ውጭ የሚቆምባት ጠባብ ዓሣ ቤት ነች። ቨርና ሰባ ሊሞላት ነው፤ ቢላዋ የያዘች እጇ ግን የሠላሳ ዓመት ሴት እጅ ነው። ከሚዛኑ በላይ የሮዛሊ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

«ኅዳር እስኪመጣ መታገሥ አቃተህ?» አለችው ገና ከበሩ ስታየው። «ሆዳም።»

ሬይኖ አፉን ሲከፍት ከኋላው ባልና ሚስት እንግዶች ገቡ። ባልየው ፎቶግራፉን እያየ «ድንጋይ ላይ የወጣችው ይህች ናት?» ብሎ ጠየቀ።

«እሷ ናት» አለች ቨርና ዓሣውን እየሰነጠቀች። «ባሌ እዚህ ሐይቅ ላይ ተወልዶ ሠላሳ ዓመት ሠርቶበት መንገድ ጠፋው ይላሉ። እኔ ከመኝታ ቤት ወደ ሽንት ቤት እንደሚጠፋኝ ማለት ነው።»

እንግዶቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ያ ሳቅ ለሰው የምትሰጠው ሳቅ ነው፣ ሬይኖ ለይቶ ያውቀዋል። እነሱ ሲወጡ አንዲት ሴት ገባች፣ እሷን ተከትሎ ፖስተኛው።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለችው ቨርና።

«ለስንብቱ... ትመጪ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«አርማንድ በተሳሳተ ጎን አለፈ ሲባል ቁጭ ብዬ ልሰማ?» ቢላዋዋን በሽርጧ ጠረገች። «እመጣለሁ። የምታነበው አንተ ነህ አሉኝ። ካንተ አፍ ሲሆን ይቀለኛል።»

ሬይኖ ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ወደብ ዳር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጁንቤሪን አያት። ጥቁር አካሏ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ሊያሰናብቷት ነው የሚያሳምሯት። ተመልሼ ልግባ አለ፣ ተነሣ፣ ተቀመጠ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ራሱን የናቀበት ጊዜ የለም። ማዕበል ውስጥ የገባ ጀግና የሚሉት ሰው ሦስት ሜትር ስፋት ያላት ሱቅ መግባት አቃተው።

ኤልማን «ለቨርና አልነገርኳትም» ሲላት እራቱን አቅርባለት ሌላ ክፍል ሄዳ በላች።

የስንብቱ ቀን ፀሐይ ነበር። ባንዲራዎች ተሰቅለዋል፣ የትምህርት ቤቱ ሙዚቀኞች መጥተዋል፣ ወደቡ ላይ ወንበር ተደርድሯል። ቨርና የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። ሬይኖ ወረቀቱን ይዞ ሲቆም ሰዉ ገና ሳያነብ አጨበጨበለት።

አንደኛውን ገጽ አነበበ። ሁለተኛውን አነበበ፤ ምግብ ማብሰያው ውስጥ የተወለደው ሕፃን ዛሬ መላጣ ሰው ሆኖ ከኋላ እጁን አወጣና ተሳቀ። በሦስተኛው ገጽ ላይ ሬይኖ አንዱን አንቀጽ በእርሳስ ሰርዞ ከጎኑ በእጁ ጽፎበታል። መነጽሩን አስተካከለ።

«ኅዳር 1968» አለ። «ጁንቤሪ የሲሞን ድንጋይን ምልክት ከቦታዋ ሁለት መቶ እርምጃ አርቃ ተከለች። የግራውን ማዕዘን ያነበበው ሬይኖ ካንጋስ ነበር። አንድ ዲግሪ ተሳስቷል። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ካፒቴን አርማንድ ላቱሊፕ ምልክቷን በትክክለኛው ጎን ይዞ አለፈ። መንገዱን ያውቅ ነበር። የተሳሳተችው ምልክቷ ናት። ሁለት ሰዎቹን አስቀድሞ እሱ ሞተ። ሬይኖ ካንጋስ በሚያዝያ ስህተቱን አወቀ፣ እስከ ዛሬም አልተናገረም።»

ወደቡ ላይ የሰንደቅ ዓላማው ገመድ ብረቱን ሲመታ ይሰማል። ቨርና ቦርሳዋን ከጭኗ አነሣች፣ ቆመች፣ ቀሚሷን አስተካከለች። አላየችውም። በወንበሮቹ መካከል ሳትቸኩል ሄዳ ወጣች። ሬይኖ ጀርባዋ ከዓሣ ገበያው ጥግ እስኪሰወር ጠበቀና አራተኛውን ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበ። ለመርከቧ የሚገባት ነው ብሎ ነው። ሲጨርስ ያጨበጨበ የለም። መርከበኞቹ በሰልፍ ወረዱ፣ ሰንደቅ ዓላማው ወረደ፣ ጁንቤሪም ባዶዋን ቀረች።

ሬይኖ ሜዳሊያውን ከኪሱ አውጥቶ ለኮማንደሯ ዘረጋላት።

«ይሄንን ከወረቀቱ ጋር ላኪው።»

ኮማንደሯ አየችውና እጁን መልሳ ዘጋችለት። «ነገሩን ለበላይ አካል አቀርባለሁ፤ ግዴታዬ ነው። ይሄን ግን አልወስድም። ሁለቱን ሰዎች ያወጣቸው ሌላ ሰው አይደለም፣ አቶ ካንጋስ። ሁለቱንም ይዘው መኖር ነው ያለብዎት።»

በማግስቱ ጠዋት ቨርና መጣች። ኤልማ በሩን ከፍታ ግቢ አለቻት፤ አልገባም አለች። ሬይኖ ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆመ።

«ሉክን ታስታውሰዋለህ?» አለች። ሉክ የበኩር ልጇ ነው። «መንገድ የሳተው ካፒቴን ልጅ ይሉት ነበር ትምህርት ቤት። አሥራ ስምንት ሲሞላው የአባቱን መረብ ሸጦ ሚኒያፖሊስ ገባ፤ ዛሬ ምንጣፍ ይሸጣል። ውሃ ፊት መቆም አይወድም። ትናንት ደወልኩለት። ስልኩን ይዞ ዝም አለ። ሃምሳ ዓመት የሆነው ሰው፣ ዝም።»

«ቨርና...»

«ዝም በል፣ ገና አልጨረስኩም። አንዷን ዲግሪ ማንም ይሳሳታል። እኔም ዓሣ ስመዝን ተሳስቼ አውቃለሁ። አንዷን ዲግሪ ያኔውኑ ብትነግረኝ ረግሜህ፣ አልቅሼ፣ ይቅር እልህ ነበር።» ድምፏ ከፍ አላለም። «ሠላሳ ስምንቱን ዓሣ ግን ምን ላድርገው? በየዓመቱ እዚህ ደረጃ ላይ ቆሜ በእጄ ስሰጥህ እጅህን ዘርግተህ ትቀበለኛለህ። ዓይኔን እያየህ።»

«አልበላሁትም» አለ ሬይኖ።

«ይሄ ይብሳል። ካጨስኩት ሁሉ ምርጡን ነበር የማመጣልህ።»

ደረጃውን ወርዳ ሄደች።

በጋው ከባድ ነበር። ምግብ ቤቱ ውስጥ የሬይኖ ወንበር አጠገብ የሚቀመጥ ቀነሰ። አንዳንዱ «የሞተን ነገር ምን አስቆፈረው?» አለ፤ ይህን የሚሉት የቨርና ባል መንገድ ሳተ ብለው ሲያወሩ የኖሩት ናቸው። አንዱ ወጣት ዓሣ አጥማጅ ደግሞ መኪናውን አቁሞ የሬይኖን እጅ ጨብጦ ሄደ። በነሐሴ ከኮማንደሯ ደብዳቤ መጣ፤ የድሮው መዝገብ ታይቶ፣ የሁለቱ ማዕዘኖች ቁጥር ተመርምሮ፣ የመርከቧ ታሪክ በሬይኖ ቃል ተስተካክሎ ታትሟል። ለቨርናም አንድ ቅጂ ተልኮላታል።

በመስከረም ሬይኖ ከጓሮው ትንሽ የዓሣ ማጨሻ ቤት ሠራ። ኤልማ በመስኮት ስታየው ሰነበተች። የመጀመሪያው ዓሣ ከሰለ። ሁለተኛው ጥሬ ሆኖ የጎረቤት ድመት እንኳ አሽትቶ ተወው። ሦስተኛው ከመንጠቆው ወርዶ እሳቱ ውስጥ ገባ።

«ሐይቁ ውስጥ የቀረ ዓሣ አለ?» አለችው ኤልማ።

«ሜፕል እንጨት ነው ወይስ ቼሪ የምትጠቀመው ቨርና?»

«ሜፕል። ሂድና ሌላ ዓሣ አጥምድ እንጂ፣ ምን ትጠይቀኛለህ።» ግን ማታ ከመተኛቷ በፊት ጨውና ቡናማ ስኳር በምን ያህል ውሃ እንደሚበጠበጥ እናቷ ታደርግ የነበረውን በወረቀት ጽፋ ጠረጴዛው ላይ ተወችለት።

ያቺ የኅዳር ቀን ስትደርስ የቤቱን በር ያንኳኳ የለም። ሬይኖ ይህን ጠብቆታል፤ ቢሆንም እስከ ረፋድ ድረስ ጆሮው በሩ ላይ ነበር። ከዚያ ካፖርቱን ለብሶ፣ በጋዜጣ የጠቀለለውን ይዞ በበረዶው ላይ በእግሩ ወደ ወደቡ ወረደ።

ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም። ከሮዛሊ ፎቶግራፍ ሥር አዲስ መስታወት ተሰቅሏል፤ ውስጡ የጁንቤሪ ታሪክ ሦስተኛው ገጽ ነው። «መንገዱን ያውቅ ነበር» ከሚለው ሥር በቀይ ቀለም ተሰምሯል። ሬይኖ ቆሞ አነበበው፣ የራሱን ስምም አነበበ። ቨርና ከጓዳ ወጥታ እጇን እየጠረገች ጠበቀችው።

ጥቅሉን ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠው።

«የኔ ሥራ ነው» አለ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ቨርና።»

እሷ ጋዜጣውን ፈታች። ዓሣውን ገልብጣ አየችው፣ ጅራቱን ጠነቆለች፣ አሸተተች። በቢላዋዋ ጫፍ ከጀርባው ትንሽ ቆርጣ አፏ ውስጥ ጨመረችና እያየችው አላመጠች። ሬይኖ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ተማሪ ቆሟል።

«ጨው በዝቶበታል» አለች።

«አዎ።»

«ጭሱም ቸኩለሃል። አንተ መቼም መቸኮል ልማድህ ነው።»

ይህ ሲገባው ፊቱ ቀላ። ቨርና ግን ሌላ ቁራጭ ቆረጠችና በቢላዋው ጫፍ ወደሱ ዘረጋችለት። ተቀብሎ በላ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚያች ቀን ዓሣ አልቀመሰም ነበር።

ቨርና የቀረውን መልሳ ጠቅልላ ከሮዛሊ ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው፤ ለሽያጭ ከሚቀመጠው ለይታ።

«አንድ» አለች። «ሠላሳ ሰባት ይቀርሃል።»

ሬይኖ ስልሳ አራት ዓመቱ ነበር። እዚያው ቆሞ በጣቱ ሳይሆን በልቡ ቆጠረ፤ መቶ አንድ ዓመት ሲሞላው ነው የሚያልቀው። ዓይኑን በኮፍያው ጠረገና ወደ በሩ ሄደ።

«ለከርሞ ጨው እቀንሳለሁ» አለ።